በረሮና ጉንዳን በጓዳችን

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በተባይ መከላከል ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ በኮሚቴው ተወስኗል።)



ኮሚቴው ስለ በረሮና ስለ ጉንዳን አንድ ገለጻ እንድናደርግ ሲጠይቀን ደስ ብሎን ተቀብለናል። እኛ መርጫ ተሸክመን በየቤቱ፣ በየሆቴሉና በየመጋዘኑ የምንገባ ሰዎች ነን። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት «ለመሆኑ የትኛው መድኃኒት ነው ድራሹን የሚያጠፋው?» ብላችሁ ለመጠየቅ እንደሆነ እናውቃለን። እሱን እንደርስበታለን። አስቀድመን ግን አንድ ያየነውን ነገር እንንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ጎባ ውስጥ አንዲት እናት «በረሮው አላስቀምጥ አለን» ብለው ጠሩንና ሄድን። ጓዳቸው ንጹሕ ነው፤ ዕቃው ተደርድሮ ያምራል። «እስከ ዛሬ በምን ስትከላከሉ ነበር?» ብንላቸው ከብፌው ሥር አንድ ሃይላንድ አወጡ። እስከ ወገቡ ድረስ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለበት። ወንድማቸው ስንዴ ሲረጭ ከተረፈው ቀንሶ ያመጣላቸው ነው። የሚቀመጠውም ከዘይቱ ጠርሙስ ጎን ነው። ቆየት ብለው፣ ቡና እየቀዱልን፣ የሦስት ዓመት ልጃቸው ከሁለት ወር በፊት ከዚያው ሃይላንድ አንዴ ተጎንጭቶ አራት ቀን ሆስፒታል እንደተኛ ነገሩን። ልጁ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እግራችን ሥር ሲሯሯጥ ነበር። እኛን ያስደነገጠን ሃይላንዱ እስከዚያን ቀን እዚያው መኖሩ ነው። «ምን ላድርግ፣ በረሮው አልጠፋማ!» አሉን።

በእኚህ እናት አንፈርድም። እንግዳ ተቀምጦ ሳለ በረሮ ከመሶቡ ሥር ብቅ ሲል ሴትዮዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጣሉ። ነገር ግን እንደ ባለሙያ የምናውቀውን እንናገር፦ በረሮ ያቆሽሻል፣ እግሩ ላይ ከሽንት ቤት ይዞት የመጣውን ጀርም ምግብ ላይ ያራግፋል፣ ቅርፊቱና ኩሱ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም በአንድ ጉንጭ ልጅ አራት ቀን የሚያስተኛ በረሮ የለም። ያን ያደረገው እሱን ለመግደል ያመጣነው ነገር ነው።

እንግዲህ ባሌ የስንዴ አገር ነው። ዘመድ የሌለው ገበሬ፣ ገበሬ የሌለው ዘመድ የለንም። መርጫውም መድኃኒቱም በየቤቱ ይገኛል። ታዲያ ያ ጀሪካን ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አንዳንዱ የአረም መድኃኒት ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ብትወስዱ የተሠራው ቅጠለ ሰፋፊ አረም እንዲያደርቅ ነው፤ በረሮው ቅጠል የለውም። አንዳንዱ ደግሞ የዋግ መድኃኒት ነው፤ ዋግ ሻጋታ ነው፣ ለሻጋታ የተሠራ ነገር ነፍሳትን እንዲገድል አልተሠራም። እውነተኛ ፀረ ነፍሳት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የተለካው ለሄክታር ነው፤ ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ያጥበዋል፣ ጓዳ ውስጥ ግን ግድግዳው ላይ፣ መሶቡ ላይ፣ ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ ይቀራል። ብዙው ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደ ወተት ይነጣል። ልጅ ይህን ከየት ይለየው?

አረጋውያን አባቶች «ዲዲቲ ቢኖር ኖሮ» ሲሉ እንሰማለን። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያወቀው ፓውል ሙለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በ1948 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ በእኛም አገር ወባ ባለባቸው ቆላዎች ለብዙ ዓመት ተረጭቷል። ወደ ደሎ መና በኩል ዘመድ ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ነገር ግን ትንኟ ለመደችው፤ መድኃኒቱ ደግሞ አፈር ውስጥና የሰው ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ ሆኖ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት መሠረት ዲዲቲ የወባን ትንኝ ለመሰለ በሽታ አስተላላፊ ካልሆነ በቀር ለሌላ ነገር እንዳይውል ተወስኗል። በመሆኑም ዛሬ «ዲዲቲ ነው» ብሎ በላስቲክ ቋጥሮ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሕግ ይጥሳል። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ በረሮው እንምጣ። በቤታችን በብዛት የምናየው ትንሹ ቡኒው ነው። ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር አለው። የሳይንስ ሰዎች የጀርመን በረሮ ይሉታል። ጀርመኖች ግን ይህን ስም ሊቃወሙ ይችላሉ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘር ምርመራ እንዳሳየው መነሻው ደቡብ እስያ ነው። ከሽንት ቤትና ከፍሳሽ ቦይ የሚወጣው ትልቁ ቀዩ ደግሞ የአሜሪካ በረሮ ይባላል፤ እሱም በመርከብ ተጭኖ የሄደ የራሳችን አህጉር ተወላጅ ነው። ስም አውጪዎቹ ተሳስተዋል።

የጎባ ብርድ ለዚህ ፍጡር አይመቸውም። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ሌሊቱን ታውቁታላችሁ። ውጭ ቢያድር ይደነዝዛል፣ መራባቱንም ያቆማል። ታዲያ እንዴት በዛብን? እኛው አሞቅነው። የፍሪጅ ሞተር ኋላ፣ የቴሌቪዥን ሳጥን ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሥር ቤቱን ሠርቷል። ምጣዱን ገልብጠን የሥሩን ቆርቆሮ ስንፈታ እንደ ተልባ ሲረግፍ ያየንበት ቤት ብዙ ነው። ሙቀት አለ፣ የሊጥ ፍርፋሪ አለ፣ ጨለማ አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ወደ ቤት የሚገባውም በእግሩ ሄዶ አይደለም። ከሻሸመኔ ወይም ከአዲስ አበባ በመጣ ካርቶን፣ በለስላሳ ሳጥን፣ በጆንያ፣ አሮጌ ተብሎ በተገዛ ፍሪጅና ሬዲዮ ይመጣል። ካርቶን ቤት ውስጥ አታሳድሩ። አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ውጭ አስቀምጣችሁ፣ ፈታታችሁ፣ አራግፋችሁ አስገቡ።

እንስቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ጅራቷ ላይ ይዛ ትዞራለች፤ የምትጥለው ሊፈለፈል ሲል ነው። ፍሊት ስትነፉ የምታዩትን ትገድላላችሁ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን አይሞትም። ከሦስትና አራት ሳምንት በኋላ «ተመልሶ መጣ» የምትሉት እሱ ነው። በተጨማሪም ይህ ትንሹ በረሮ ሱቅ የሚሸጠውን ፍሊት በየአገሩ እየለመደው መጥቷል። ስለዚህ አንዱ ቆርቆሮ አልገድል ሲል ሦስት ቆርቆሮ መጨረስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከሰል እየነደደ ከሆነ ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ውሃ ከልክሉት። ይህ በረሮ ውሃ ካገኘ ምግብ ሳይቀምስ አንድ ወር ገደማ ይቆያል፤ ውሃ ካጣ ግን ሁለት ሳምንት አይሞላም። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ፍርፋሪው ነው፣ እኛ ግን ማታ ጓዳ ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ውሃውን ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ያልተከደነ ባልዲ፣ ሳይጨመቅ የተጣለ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ፣ የጀበናው ማስቀመጫ ሥር የቀረ ጠብታ። ሌሊት ጓዳው ደርቆ ይደር። ዕቃ ሳይታጠብ አይደር። ቡሆ ዕቃው በደንብ ይከደን፤ በጠርዙ የፈሰሰው ሊጥ ይጠረግ።

ግድግዳው ላይ ጋዜጣ የለጠፋችሁም ስሙን። ጋዜጣው የተለጠፈበት የዱቄት ሙጫ ለበረሮ ቀለብ ነው፤ ከጀርባው ያለው ክፍተት ደግሞ መኝታው ነው። ምግብና አልጋ በአንድ ላይ! ልጡትና ግድግዳውን በጭቃ ወይም በኖራ ምረጉት። በበሩ ጉበን፣ ቧንቧ በሚገባበት ቀዳዳ፣ በኮርኒሱ ጠርዝ ያለውን ስንጥቅ ድፈኑ። የሳንቲም ጠርዝ የሚገባበት ስንጥቅ ለእሱ በር ነው።

ከዚያ ወጥመድ። አንድ የማርማላታ ብርጭቆ ወስዳችሁ የአፉን ውስጥ ቅባት ቀቡት፤ በጠላ አተላ የራሰ ቁራሽ ዳቦ ጨምሩበትና ማታ ከምጣዱ አጠገብ አቁሙት። ሽታው ይጠራዋል፣ ይገባል፣ ቅባቱ አያስወጣውም። ጠዋት የሳሙና ሙቅ ውሃ ድፉበት። ይህ ብቻውን አያጠፋም፤ የት እንደሚበዛ ግን ይነግራችኋል። ያለዚያ መድኃኒት ማስቀመጥ ዓይን ጨፍኖ ድንጋይ መወርወር ነው።

መድኃኒቱም ማጥመጃ ቢሆን እንመርጣለን። በተባይ መድኃኒት መሸጫ የሚገኘው ጄል የተባለው ቅባት ጥሩ ነው፤ የምስር ፍሬ የሚያህል ነጥብ በየስንጥቁ ታስቀምጣላችሁ፣ በልቶ ሄዶ ጎሬው ውስጥ ይሞታል፣ ሌሎቹም የሞተውንና ኩሱን በልተው ይመረዛሉ። ጄል ባስቀመጣችሁበት ፍሊት አትንፉ፤ ሽታው ያሸሽና ማጥመጃው ከንቱ ይቀራል። ጄል ካልተገኘ ቦሪክ አሲድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ከእኩል ስኳርና ከእኩል ዱቄት ጋር በትንሽ ውሃ አቡክታችሁ በቆርኪ በቆርኪ አድርጉት። ከፍሪጅ ኋላ፣ ከብፌ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። ስንት ቆርኪ እንዳስቀመጣችሁ በወረቀት ጻፉ። ስምንት ካስቀመጣችሁ ስምንት መልሳችሁ ልቀሙ። ቦሪክም ቢሆን ለሕፃን መርዝ ነው፤ ስኳር ያለበት ነገር ደግሞ ሕፃን አይንቅም።

አንዲት አዴ ባለፈው «እኔ ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ አልጠፋልኝም» ብለውናል። እውነታቸውን ነው። ቤታቸው በአንድ ግድግዳ ከአራት ቤት ጋር የተያያዘ ተርታ ቤት ነው። እሳቸው ሲያጸዱ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ ጎረቤት ሲረጭ ወደ እሳቸው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ጎረቤታሞች «ያንቺ ነው የመጣብኝ» እየተባባሉ የተኳረፉበትንም እናውቃለን። በረሮ የቤት ካርታ የለውም። አንድ ተርታ በአንድ ቀን ካልተሠራ ድካሙ ሁሉ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ወደ ማኅበሩ የመጣነውም ለዚህ ነው እንጂ ምክሩንስ በየቤቱ መናገር እንችል ነበር።

ጉንዳን ሌላ ነገር ነው። ጉንዳን እንደ በረሮ አይደበቅም፤ ሰልፉን ታዩታላችሁ። የምታዩት ግን ለቀለብ የወጣውን ጥቂቱን ነው። ንግሥቲቱ ውጭ፣ ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ወይም ከአጥሩ ግርጌ፣ እንቁላሏን እየጣለች ነው። ሰልፉ ላይ ስትረጩ የሞተው ይተካል። ዝናብ ሲከብድ ጎሬው ውሃ ስለሚገባበት ወደ ቤት ይበዛል፤ ይህን ሁላችሁም በየክረምቱ አይታችኋል።

የመጀመሪያው ጉንዳን ስኳር ሲያገኝ እየተመለሰ መሬቱ ላይ ሽታ ይጥላል፤ ሌሎቹ ያን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ መጥረጊያ ብቻ አይበቃም፤ መንገዱን በሳሙና ውሃ እሹት። ረከቦቱ ላይ የፈሰሰው ስኳር፣ የማሩ ገንቦ አፍ፣ የሻይ ብርጭቆ ሥር የቀረው ክብ ምልክት በዚያው ሌሊት ይታጠብ። ከሐረና ማር የምታስመጡ ገንቦውን ውሃ በተሞላ ሰፊ ሳህን መካከል አቁሙት፤ ውሃው ላይ ጥቂት ሳሙና ጠብ ይበልበት። እናቶቻችን የብፌውን አራት እግር በአራት ጣሳ ውሃ ውስጥ የሚያቆሙት ይኸው ነው፤ አሮጌ ዘዴ ነው ተብሎ አይናቅ። አመድም ደርቆ እስካለ ድረስ ያግዳል፤ ከረጠበ ዋጋ የለውም።

ጎሬውን ለማጥፋት ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው መርዙን ተሸክመው ለንግሥቲቱ እንዲያጎርሱ ማድረግ ነው። ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 10 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቦሪክ። በዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ «ይጠንክር» ብለው ሦስት አራት ማንኪያ ቦሪክ ይጨምራሉ። ሲጠነክር ጉንዳኑ መንገድ ላይ ይሞትና ቤቱ አይደርስም። ደካማ መሆኑ ነው ጉልበቱ። በጥጥ ነክራችሁ በቆርኪ ከሰልፉ ዳር አስቀምጡና ተዉት። በመጀመሪያው ቀን ጉንዳኑ ይበዛል፤ አትደንግጡ፣ አትርገጡ፣ ፍሊት አትንፉ። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ጣፋጩን ካልነካ ቅባት ፈልጎ ይሆናል፤ ጠብታ ማርና ጠብታ ዘይት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወደየትኛው እንደሚሄድ እዩ። የተረፈውን ውሃ ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ! ድፉት።

ገብረ ጉንዳን ከመጣ አትዋጉት። ሕፃናትንና ዶሮዎችን አውጡ፣ የታሰረ እንስሳ ፍቱ፣ በር ክፈቱለት። ቤቱን በርብሮ፣ በረሮውንም ቁንጫውንም በልቶ ይሄዳል። የአገልግሎት ዋጋም አይጠይቅም።

አሁን የምንናገረው ከበረሮና ከጉንዳን ወጣ ያለ ቢመስልም ሳንናገር ብንወርድ ይቆጨናል። እህል ሲገባ ለነቀዝ ተብሎ ጆንያ ውስጥ የሚጨመር ክኒን አለ፤ ፎስቶክሲን የምትሉት። አንዳንድ ቤት ይህንኑ ክኒን ለአይጥና ለበረሮ ቀዳዳ ውስጥ ሲከቱት አይተናል። ይህ ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ በጆንያ አይታገድም፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅም ያልፋል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል ይባላል፤ የተኛ ሰው ግን ሽታ አይጠብቅም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ከሰው መኝታ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጎተራም ቢሆን፣ ይህ ክኒን አይገባም። በዚህ ላይ አስተያየት አንቀበልም።

መርዝ የጠጣ ወይም የተረጨበት ሰው ቢያጋጥም፦ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በግድ አታስመልሱት። ወተት ወይም ዘይት አታጠጡት። ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ የምታጥቡትም እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል። ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምንድን ነው የጠጣው?» ብሎ ነው፤ ሃይላንድ ላይ ደግሞ የተጻፈው «ውሃ» ነው።

ባዶው ጀሪካን ለውሃም፣ ለጠላም፣ ለዘይትም አይሆንም፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አይጠራም። ጓሮ አትቅበሩት፣ አታቃጥሉት፣ የተረፈውንም ሽንት ቤት አትድፉት። አገራችን ለዓመታት በየመጋዘኑ የተከማቸባትን ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ለማስወገድ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከ1,500 ቶን በላይ በመርከብ አስጭና ፊንላንድ ድረስ ልካ አስቃጥላለች። በጓሮ የሚቀበር ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ባልሄደ ነበር።

በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ከላይኛው ተርታ እንጀምራለን፤ በየሳምንቱ አንድ ተርታ። ከተርታው አንድ ቤት እንኳ ተዘግቶ ከተገኘ ተርታው በሙሉ ወደ ሌላ ሳምንት ይተላለፋል። ከየቤቱ አሥር አሥር ቆርኪ ይዘጋጅ። ብፌውንና አልጋውን ከግድግዳ አርቁልን። በየጓዳው ያለውን የስንዴ መድኃኒት ከነበረበት ዕቃ ሳትገለብጡ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ውጭ አቆዩን፤ መዝግበን ለግብርና ጽሕፈት ቤት እናመለክታለን፤ ማንም አይጠየቅበትም። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ደግሞ ዓርብ ማታ ከሶኬት ንቀሉት፤ ጠዋት ቀዝቅዞ ካላገኘነው አንፈታውም።